ከዲላ ሜዳ እስከ ነገሌ ሜዳ

ሰው ሁሉ ስለ ርቀት ያወራል፤ ርቀትን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ወንድሜ ከዲላ በላይ ደጋው ላይ፣ ቡሌ የሚባል አገር ይኖራል። እሱን ልጠይቅ ስነሳ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ፣ ጭቃው አንዱን ጫማዬን ወስዶ አንዱን ትቶልኝ፣ ዳገቱ ላይ የተፈጠርኩበትን ቀን ረግሜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እደርሳለሁ። እሱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ምነው ዘገየሽ ይለኛል። ርቀት ማለት ይኼ ነው፤ እግር የሚያውቀው፣ ወገብ የሚመሰክርለት ነገር።

ስለዚህ አቶ ይልማ የሚባለው የአውሮፕላን ቲኬት ቆራጭ፣ ዲላና ነገሌ በአየር ጎረቤት ናቸው ሲለኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ከሸዋ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጥሩ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅሏል። ከኪሱ ክር አወጣና አንዱን ጫፍ ዲላ ላይ፣ ሌላውን ነገሌ ላይ ያዘ። በመሀሉ ያለው ክር ከጣቴ አያልፍም።

«ይኸው እማማ» አለኝ። «ጋቢዎን አስተካክለው ሳይጨርሱ ይደርሳሉ።»

በዚያው ክር የመኪናውን መንገድ ለካልኝ አልኩት። ለካልኝ። ክሩ ከዲላ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ነገሌ ያለችው በደቡብና በምሥራቅ በኩል ነው፤ ክሩ ግን ወደ አፖስቶ ይወጣል። ከዚያ ተጠምዝዞ ወደ አዶላ ይወርዳል። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ክሩ አለቀ። ተያየን። አቶ ይልማ ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ እኔም ቲኬቱን ቆረጥኩ።

ነገሌ ምን አለኝ? ልጄ አለችኝ። አስቴር የመጨረሻዬ ናት፤ ታደሰ የሚባል ፖሊስ አግብታ፣ እሱ ነገሌ ሲመደብ ተከትላው ሄደች። እዚያ ሄዳ አረገዘች። በእኛ ቤት ወግ፣ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ አናቷ ላይ ቅቤ የምታደርግላት የገዛ እናቷ ናት። አማት አታደርግም፤ ጎረቤት፣ የፈለገ ደግ ብትሆን፣ አታደርግም። የእናቷ እጅ አናቷን እስኪነካ ድረስ አራሷ ገና ከምጥ እንዳልወጣች ነው የምትቆጠረው። እናቴ ለእኔ አድርጋልኛለች፤ እኔም ለታላላቆቿ በየተራ አድርጌአለሁ። የአስቴር ተራ ቀረ። ተራ ደግሞ ተራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ በኋላ ያደረግሁት አይገባችሁም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ሚሲዮኖች እሑድ ከጸሎት በኋላ አሮጊቶችን ሰብስበው ሲያስተምሩ። ንባቡን በደንብ ያዝኩት። ሒሳብ ላይ ግን ተጣላን። አንድ አባት ለአንዱ ልጁ አራት ብርቱካን፣ ለሌላው ሁለት ብርቱካን ሰጠ፤ በጠቅላላ ስንት ሰጠ አሉኝ። አባትየው ለምን እንዳበላለጠ መጀመሪያ ይነገረኝ አልኩ። አስተማሪው እሱ ጥያቄው ውስጥ የለም አለ። እንግዲያው ጥያቄው ጎደሎ ነው ብዬ ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ። ሒሳብ እስከ ዛሬ እዚያ ላይ እንደቆመ ነው።

መልእክቱ የመጣው እንሰት ስፍቅ ነው። አንድ የዲላ ፖሊስ ግቢዬ ገብቶ ቆቡን አወለቀ። ቆብ የሚያወልቅ ፖሊስ አልወድም። በሬዲዮ ከነገሌ ተነግሮት ነው፤ አስቴር ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሕፃኗ ደህና ናት፣ እናቷ ግን ትኩሳት ይዟታል፣ እማማ ቶሎ ይድረሱ ብሏል ታደሰ። ፖሊሱ ይኼንን ተናግሮ ሲጨርስ ለጋ ቅቤ እየናጥኩ ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም።

አውሮፕላኑ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ነው፤ ያውም ከከተማው በታች ወደ አባያ በኩል ያለው ሜዳ ካልጨቀየና ከብቶቹ ከተባረሩለት። ልጆቼ የቲኬቱን አዋጡ። እኔ ቡላ በኮባ ጠቅልዬ፣ ቅቤውን በቅል አድርጌ፣ ለሾርባ አንዲት ዶሮ እግሯን አስሬ ሜዳው ላይ ተገኘሁ። ኮባውን ውሃ አርከፍክፌበታለሁ፤ ካልረጠበ ይሰነጠቃል፣ ቡላውም ይደርቃል። ይኼንን የማያውቅ የእኛ አገር ሴት የለችም። ውሃ ግን ክብደት እንዳለው ያሰብኩት ሚዛኑን ሳየው ነው።

ሚዛኑን አወቅሁት። ከአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን የተዋሱት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ቡናዬን ሲያሳንስብኝ የኖረ ሚዛን ነው። ዛሬ እኔ ስወጣበት አበዛኝ።

«ይኼ እኔ አይደለሁም» አልኩት አቶ ይልማን።

እርስዎ ነዎት አለኝ። ወርጄ እንደገና ወጣሁ፤ ያው ነው። በአንድ እግሬ ቆሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከኋላዬ ያሉት ተሳፋሪዎች መሳቅ ጀመሩ።

«ቡናዬን ስትመዝኑ የጆንያውን ትቀንሳላችሁ» አልኩት። «እኔን ስትመዝኑ ቀሚሴን ለምን አትቀንሱም? ኮባውንስ? ቡላውን ነው እንጂ ኮባውን ማን ይበላል?»

አቶ ይልማ ላቡን ጠረገ። ጆንያ የሚቀነሰው ገዢው የሚፈልገው ቡናውን ስለሆነ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን ቀሚሱንም ይሸከማል ብሎ አስረዳኝ። አነጋገሩ እውነት አለው፤ እውነት ስላለው ነው የበለጠ የተናደድኩት። ዶሮዋን ብቻ አልለቅም አልኩ። ዶሮዋ ሚዛኑ ላይ ክንፏን ስታራግብ መርፌው ወደ ታች ወደ ላይ ይላል። ወደ ታች ሲል ጻፍ አልኩት፤ አየር ላይ ለሚኬድ መንገድ ክንፍ ያለው እንስሳ ተመዝኖ አያውቅም አልኩ። አቶ ነስሩ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ፣ የጉራጌ ሰው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እናቴ፣ አንቺ ሱቅ ብትከፍቺ እኔ ከዚህ አገር እወጣለሁ» አለኝ። ዶሮዋ አትሳፈርም ተባለ።

ከተሳፋሪዎቹ መሀል ያልሳቁት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው። ዲላ ላይ መሬት ያላቸው፣ ባላቸው ነገሌ ካለው ጦር ጋር መኮንን የሆኑ፣ ነጠላቸው ጥልፉ ከሩቅ የሚያበራ ሴት ናቸው። አገሩ ሁሉ እሜቴ ነው የሚላቸው፤ እኔም እሜቴ እላቸዋለሁ። ምላሳቸው አያርፍም፤ ሠራተኛ ሲቆጡ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ቅሌን ሲያዩ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣሉ።

«ዓርብ ቀን፣ ጾም ላይ፣ ይኼን ቅቤ አጠገቤ ልታስቀምጪ ነው? አንቺ ሴትዮ፣ ነፍሴን ልታስኮንኚኝ ነው የመጣሽው?»

እኛ ሚሲዮን ቤት ዓርብን አንጾምም አልኳቸው፤ ቅቤውም የሚሄደው ልጄ አናት ላይ ስለሆነ ከእርስዎ አፍ ጋር ጉዳይ የለውም አልኳቸው። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ብዙ ነው፤ አልጽፈውም።

አውሮፕላኑ መጣ። ከብቶቹ ሸሹ፤ እኔ ልሸሽ ብዬ ቲኬት መቁረጤን አስታውሼ ቆምኩ። ፈረንጁ አብራሪ ወርዶ ሣሩን በእግሩ ረገጠው። ዋዜማውን ዘንቦ ነበርና ጫማው ሰጠመ። ከአቶ ይልማ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። አቶ ይልማ ወደ እኛ ሲመለስ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ሜዳው ረጥቧል፣ አውሮፕላኑ ከባድ ሆኗል፣ አንድ ሰው መቅረት አለበት አለ። ጆንያዎቹ ይቅሩ አልኩ። ለነገሌ ክሊኒክ የሚሄድ መድኃኒት ነው አለኝ። መድኃኒት ከሆነ ይሂድ፤ ለአስቴርም ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ማን ይቅር የሚለውን ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ኮባ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጫማዬ ላይ ጭቃ ያለው እኔ ነኝ። አቶ ይልማ፣ ደግ ሰው ነው አልኳችሁ፣ በደግ አፉ «እማማ፣ ለሚቀጥለው ዓርብ...» ብሎ ጀመረ።

«ዕጣ ይጣል» አልኩ።

ዕጣ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በሬ አርደን ቅርጫ ስንከፋፈል ሁሉም ከላዩ አንድ ነገር ይሰጣል፤ ማን ምን እንደሰጠ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ያስቀምጣል። ባለጸጋውም ድሃውም የደረሰውን ይዞ ይሄዳል፤ አጥንት ቢደርሰውም። ከዚህ የተሻለ ፍርድ እኔ አላየሁም። አብራሪው ማን ምን እንደሰጠ አያውቅምና እሱ ከቆቡ ውስጥ ያውጣ፤ የወጣበት ይቀራል አልኩ።

እሜቴ ተቆጡ። የእሳቸው ስም ከገበሬ ሴት ጋር በአንድ ቆብ ውስጥ አይገባም አሉ። ስም አይደለም የሚገባው እሜቴ፣ ያለዎትን ይስጡ አልኳቸው። አቶ ነስሩ ቀድሞ የጥርስ መፋቂያውን ሰጠ። ወደ ነገሌ ክሊኒክ የሚሄድ አንድ ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢ፣ የጠርሙስ ቡሽ ሰጠ። ሌሎቹም ቁልፍና ሳንቲም አዋጡ። ሁሉም እሜቴን ማየት ሲጀምር እሳቸውም ከሹሩባቸው ማስያዣ ነቅለው እንደ ምራቅ ወረወሩት። እኔ ቡላው ከታሰረበት ቃጫ አንድ ቁራጭ በጠስኩ። ሁሉም የአብራሪው ቆብ ውስጥ ገባ፤ እሱ ጨዋታ መስሎት እየሳቀ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ከተተ።

ቃጫው ወጣ።

አብራሪው ብቻ ነበር የሚስቀው። አቶ ይልማ አንድ ነገር ሹክ ሲለው እሱም ሳቁን ተወ።

አቶ ነስሩ ይደገም አለ። ይኼ አንዴ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከወጣባት ያኔ ትቅር አለ። ድሬሰሩም ይደገም አለ። እውነት ልናገር፤ ልቤ ይደገም ብሏል። ልጄ ትኩሳት ላይ ናት። ነገር ግን የእሜቴ ማስያዣ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ይደገም እል ነበር? አልልም። ዕጣው የተጣለው በእኔ አፍ ነው። ለእኔ ሲሆን ሁለት ጊዜ፣ ለሌላው ሲሆን አንድ ጊዜ የሚጣል ዕጣ፣ ዕጣ አይደለም።

«አይደገምም» አልኩ።

ያ ዕጣ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ትክክል የሆነ ነገር ይኼን ያህል እንደሚያም ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። እኔ ከቀረሁ ክብደቴ ቀርቷልና ቅቤውና ቡላው ይሂዱ አልኩ። አቶ ይልማ ራሱን ነቀነቀ። ባለቤቱ አብሮ ያልተሳፈረ ዕቃ አይጫንም፤ ሕጉ ነው። ሕጉ ለሁሉም እኩል እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ለሁሉም እኩል ነው አለኝ። ቅሌን አነሳሁ።

«ወዲህ በይው» አሉ እሜቴ።

ነጠላቸው አፍንጫቸው ላይ አልነበረም። ቅሉን ከእጄ ወስደው ጉያቸው ሥር አደረጉት። ዓርብ ነበር፤ ቅቤው በክዳኑ ሥር ይንጠባጠብ ነበር።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አሉት አቶ ይልማን። «ኮባውንም ጫን። የእኔ ነው።»

ወደ እኔ ዞረው የልጄን ስም ብቻ ጠየቁኝ። አስቴር አልኳቸው። አናቷ ላይ መሆኑን፣ መሀል ለመሀል ተጀምሮ ወደ ጆሮዋ መውረዱን ነገርኳቸው። ሰሙኝና ወደ አውሮፕላኑ ወጡ።

አውሮፕላኑ ጭቃውን እየረጨ ሮጠና ተነሳ። ከዶሮዬ ጋር ቆሜ አየሁት። የዶሮዋን እግር ፈትቼ ሳልጨርስ ከተራራው ማዶ ጠፋ። አቶ ይልማ እውነቱን ነበር፤ ቅርብ ነው። ልጄ ዘንድ ለመድረስ ወንድሜ ዘንድ ከመድረስ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ለተሳፈረ ሰው።

እኔ በማግሥቱ ጨው በጫነ መኪና ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ፤ ወደ ሰሜን። ወደ ልጄ ለመሄድ ጀርባዬን ለልጄ ሰጥቼ ሄድኩ። ሾፌሩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ለምን ወደ ኋላ እያየሁ እንደምሄድ ጠየቀኝ። ልጄ በዚያ በኩል ናት አልኩት። እንዲያ ከሆነ ለምን በዚህ በኩል ትሄጃለሽ ሲለኝ፣ አንተ ነህ የምትነዳው አልኩት። ዶሮዋ እሱ የሚተኛበት ብርድ ልብስ ውስጥ እንቁላል ጣለች፤ ሾፌሩ የእሷን ሒሳብ ተቀብያለሁ ብሎ ጠብሶ በላው። አፖስቶ ላይ ጎማ ፈነዳ። አዶላ ላይ ሌላ መኪና ለመንኩ። ከአዶላ ወዲያ ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት መኪናዎቹ ዳር ላይ ተደረደሩ፤ እኛም ከሥራቸው ተኛን። ወንዙ ሲጎድል መኪናችን ሊሻገር ይገባና፣ ውሃው እስከ ሞተሩ ሲደርስ ይመለሳል። ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔ ውሃው ዳር ድንጋይ ተክዬ ጎደለ ሞላ እያልኩ እቆጣለሁ፤ ወንዝ ግን አይሰማም።

አንድ ቀን እንዲያ እንደተቀመጥን የአውሮፕላን ድምፅ ሰማሁ። የሚቀጥለው ዓርብ ደርሶ ኖሯል። ነጠላዬን አውልቄ አውለበለብኩለት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ አይወርድልኝም። ሾፌሮቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ አውሮፕላን ነገሌ ሁለት ጊዜ ደረሰ። እኔ አንዴም አልደረስኩም።

ነገሌ ስገባ የታደሰን ቤት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፖሊሶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ቆማቸውን አወለቁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ቆባቸውን ነው። እጄ እስከ ዛሬ እዚህ ቦታ ላይ ይሳሳታል።

ቆርቆሮ ቤት ነው። ውጭ ላስቲክ ተዘርግቶ፣ ሰዎች ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። ታደሰ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ልጄ የሞተችው እኔ ከዲላ በወጣሁ በማግሥቱ ነው፤ መኪናችን ገና አፖስቶ ላይ ጎማውን ሲጠግን። ለቅሶውን እኔ እስክደርስ አላነሱትም። ቤት ውስጥ፣ የእናት ቦታ ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ሕፃኗ ጉያቸው ውስጥ ነበረች። የጎረቤት ፖሊስ ሚስት ነበር የምታጠባት፤ ጠብታ ስትጨርስ ግን እሳቸው ናቸው የሚይዟት።

አለቀስኩ። እሱን አልጽፈውም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጠየቅኋቸው። ቅቤውን አደረጉላት ወይ አልኳቸው። አደረግሁ አሉኝ። ከዚያ የሆነውን ከፊሉን እሳቸው፣ ከፊሉን ታደሰ ነገሩኝ። አውሮፕላኑ እንዳረፈ ወደ ባላቸው ቤት አልሄዱም፤ ቅሉን ታቅፈው እዚህ መጡ። አስቴር ዓይኗን ከድና፣ ትኩሳቱ እያቃዣት ነበር። ከራስጌዋ ተቀምጠው መሀል ለመሀል ጀምረው ሲቀቧት፣ በጌዴኦ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። እሜቴ ዲላ ያን ያህል ዘመን ኖረው ቋንቋችንን አያውቁም። ታደሰን ቀና ብለው አዩት። እናቴ መጣሽ ወይ ነው የምትለው ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው።

«በአማርኛ ብመልስላት ታውቀኛለች» አሉኝ። «ስለዚህ ዝም አልኩ። እጄን ብቻ አላቆምኩም።»

ሁለት ሌሊት ሙሉ፣ አስቴር በጠራቻቸው ቁጥር፣ አንዲት ቃል ከአፋቸው ሳያወጡ አናቷን እያሹ፣ እጇን ጉንጫቸው ላይ እያደረጉ አደሩ። ወንዝ ማዶ የሚሰማው አፍ ነው ያን ያህል ዝም ያለው። ልጄ እናቴ መጣች ብላ ነው የሄደችው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። ያ ቦታ የእኔ ነው። ያን ጥሪ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ማን ፈቀደልሽ ልል አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ አላፈገፈጉም። የምለውን ሁሉ ሊቀበሉ ቀና ብለው አዩኝ። ጥልፉ የሚያበራው ነጠላ ቅቤ ጠጥቶ ደርቋል፤ አላጠቡትም። ያን ጊዜ ነገሩን በራሴ ሚዛን አየሁት። እኔ ብደርስ የማደርገውን አድርገዋል። እኔ ብደርስ የማልችለውንም አድርገዋል፤ እኔ ዝም አልልም ነበር።

ሕፃኗን ሊሰጡኝ ተነሱ፤ ቦታውንም ሊለቁልኝ። ትከሻቸውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሜቴ ማለትን ያን ቀን ተውኩ።

«ተጠጊልኝ» አልኳት፤ ተጠጋችልኝ።

የእናትየዋን መምጣት የሰማ ሁሉ እንደ አዲስ ለለቅሶ መጣ። የመኮንኖች ሚስቶች፣ ፖሊሶች፣ የቦረና ሴቶች በየተራ ገቡ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ጎንበስ ብላ እጄን ያዘችና እግዜር ያጥናሽ አለችኝ። አሜን አልኩ። ቀና ብላ ጥሩወርቅን ልታልፍ ስትል እጇን አልለቀቅሁም።

«ለእሷም በያት» አልኩ።